የመነኩሴ ባለደም ማን ነው?

ነፍስ በጠፋ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይነሣል፤ አንደኛው ማን ገደለ የሚል ነው፤ ሁለተኛውም ስለ ሟቹ ከዳኛ ፊት የሚቆም ማን ነው የሚል ነው። በኢትዮጵያ በቀድሞው ሥርዓት የፊተኛው ጥያቄ የዳኛው ሲሆን የኋለኛው የሟች ወገን ነበረ። ልጅ ለአባቱ፥ ወንድም ለወንድሙ ይቆማል፤ የሚቆመውም ሰው ባለደም ይባላል።

ዐፄ ምኒልክ ከተማቸውን በእንጦጦ ራስ ላይ አድርገው በነበረበት ዘመን ይህ ሥርዓት ገና ጽኑ ነበር። ባለደሙ «በሕግ አምላክ» ብሎ ገዳዩን ይይዛል፤ ከሳሽና ተከሳሽም በቁራኛ ተያይዘው ወደ ችሎት ይቀርባሉ። ዳኞቹ ከታናሹ ጀምረው እስከ ታላቁ ድረስ በየተራቸው ፍርዳቸውን ይናገራሉ፤ ነገሩ የጠና እንደ ሆነ ሊቃውንቱ ፍትሐ ነገሥቱን ገልጠው ያሰማሉ፤ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ ይፈርዳሉ። ሞት ከተፈረደ ገዳዩ ለባለደሙ ተላልፎ ይሰጣል። እንግዲህ ሽማግሎችና ካህናት መስቀል ይዘው ከባለደሙ እግር ይወድቃሉ፤ የደሙን ዋጋ ጉማውን ተቀብሎ ነፍሱን እንዲምርለት ይለምኑታል። መማርም አለመማርም ግን የባለደሙ ፈቃድ ነበር።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፥ የምሕረት ልመና የሚመጣው ፍርዱ ከተነገረ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም። ሁለተኛውም፥ ካህኑ አማላጅ ነው እንጂ ባለደም አይደለም። ነገር ግን የተገደለው ሰው ራሱ መነኩሴ፥ ይልቁንም የካህናት ዅሉ አባት የሆነ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል? መነኩሴ ልጅ የለውም፤ ዓለምንና ዘመድን ትቶ ወጥቷል። ባለደሙ ማን ይሆናል? ይህ ጥያቄ በኢትዮጵያ ሁለተኛው ፓትርያርክ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ሞት በእውነት ተጠይቋል።

የእኒህን አባት ነገር ለማስተዋል ወደ እንጦጦ ማርያም መመለስ ያስፈልጋል። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ሲጭኑ ቅብዓ መንግሥቱን የቀቧቸው አቡነ ማቴዎስ ግብፃዊ ነበሩ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሷን ከእስክንድርያ ስትቀበል ኖራለችና፥ ንጉሡ ከአገሩ ሲሆን ቀቢው ከባሕር ማዶ ነበር። በገዛ ልጆቿ መሾም የብዙ ሊቃውንት ምኞት ሆኖ ቆየ። ከብዙ ክርክር በኋላ ሐምሌ 18 ቀን 1940 ዓ.ም. አምስት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ የጵጵስና ማዕርግ ተቀበሉ። ከአምስቱ አንዱ አባ መልእክቱ ይባሉ የነበሩት ናቸው፤ ቴዎፍሎስ ተብለውም በሐረር ተሾሙ።

አቡነ ቴዎፍሎስ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም በደብረ ኤልያስ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ ናቸው። የመጀመሪያው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የፓትርያርክነቱን ማዕርግ የተቀበሉት በካይሮ ነበር። እርሳቸው በጥቅምት 1963 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ግን ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. አቡነ ቴዎፍሎስ በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በመንበሩ ተቀመጡ። በገዛ አገራቸው ምድር የተሾሙ የመጀመሪያው ፓትርያርክ እርሳቸው ሆኑ። በእንጦጦ ማርያም ከተደረገው ቅብዓት እስከዚህ ቀን ድረስ ሰማንያ አንድ ዓመት አለፈ።

በዘመናቸው ከተሠራው ሥራ አንዱ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አቋቁሞ ካህናትና ምእመናን በአንድነት ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ገቢና ወጪ፥ ስለ ትምህርትና ስለ ድኻው ይመክራሉ። ይህ የታሰበው የቤተ ክርስቲያኒቱ ርስት ገና በእጅዋ ሳለ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት በሆነ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የምትተዳደርበት ርስት ተወሰደ፤ አገልግሎቷም በምእመናን አስተዋፅኦ ላይ ቆመ። ያን ጊዜ የሰበካ ጉባኤው ሥራ ስንቅ ሆኖ ተገኘ።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን አውርዶ ሥልጣን ያዘ። በኅዳር 14 ቀን በዚያው ዓመት ስድሳ የሚሆኑ መኳንንትና ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ ተገደሉ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ፥ በቅሎም ጭብጦም ያይደለ የሰው ነፍስ ያለ ዳኛ ሲሄድ አየ። ፓትርያርኩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የመንግሥትን ፈቃድ ሳይጠይቁ አዲስ ጳጳሳትን ሾሙ። ሿሚው ቤተ ክርስቲያን ናት ብለው ነበርና ይህ እንደ በደል ተቈጠረባቸው። በየካቲት 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ አዲስ ከተሾሙት ጳጳሳት አንዱ አቡነ ጳውሎስም ወደ ወኅኒ ገቡ።

ፓትርያርኩ ከሦስት ዓመት በላይ ታስረው ኖሩ። በአንድም ችሎት ቆመው ቃላቸውን አልሰጡም። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ከታሰሩበት ተወስደው ታንቀው ተገደሉ። ደወል አልተደወለም፤ ፍትሐትም አልተደረገም፤ መሞታቸውም ለሕዝብ አልተነገረም። የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ግን ፓትርያርክ በሕይወት ሳለ ሌላ አይሾምም ብላ በ1968 ዓ.ም. የተደረገውን ሹመት ሳትቀበል ቀረች። እንዲህ ሆኖ በውጭ ያሉት ሕያው ነው ሲሉ፥ በውስጥ ያሉት መሞታቸውን በሹክሹክታ ሲናገሩ፥ መቃብራቸው ሳይታወቅ ዐሥራ ሦስት ዓመት አለፈ።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ ሸሹ፤ ከሳምንት በኋላም መንግሥታቸው ወደቀ። በ1984 ዓ.ም. ምድር የያዘችውን መመለስ ጀመረች። የንጉሠ ነገሥቱ ዐፅም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተገኘ። የራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ በነበረው ግቢም በአንድ ስፍራ ከተቀበሩት መካከል የፓትርያርኩ ዐፅም ወጣ። ራስ አሥራተ ራሳቸው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተገደሉት አንዱ ናቸው፤ ባለቤቱ የተገደለበት ቤት ለሌሎች መግደያ ሆኖ ነበር። በዚያው ግቢ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገኙ፤ እርሳቸውም በዚያው ክረምት የተወሰዱ ናቸው። በሕይወት ሳሉ በሃይማኖት የተለያዩት ሁለቱ አባቶች በአንድ ግቢ አፈር ለብሰው ነበር።

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በምሥራቅ በኩል፥ በየካ አቅጣጫ ባለው በኮተቤም ሌላ ጉድጓድ ተከፈተ። ከአርጀንቲና የመጡ የዐፅም መርማሪዎች በ1986 ዓ.ም. ገደማ በዚያ የሠላሳ ሰዎችን ዐፅም አወጡ፤ በአንገታቸው የታነቁበት የናይሎን ገመድ ገና ነበረ። ሥጋ ፈርሶ ገመዱ አልፈረሰም ነበርና ያ ገመድ ለዳኛ ምስክር ሆነ።

የፓትርያርኩ ዐፅም በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ለማዕርጋቸው በሚገባ ሥርዓት አረፈ። ቤተ ክርስቲያን አባቷን ቀበረች፤ ፍርዱ ግን ገና ነበር። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ። እንግዲህ ባለደሙ ይህ ሆነ፤ ልጅ የሌለው መነኩሴም ልጅ ያለው አባትም፥ ንጉሡም ተማሪውም በአንድ ከሳሽ ስም ተጠሩ። በመላው አገር የተከሰሱት ከአምስት ሺህ በላይ ሲሆኑ፥ የደርጉ አባላት ክስ መዝገብ ቁጥር 1/87 ተብሎ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ። የንጉሠ ነገሥቱና የፓትርያርኩ መገደል በዚህ መዝገብ ከተጻፉት ክሶች መካከል ነበሩ።

ነገሩ ዐሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ተከሳሾቹ ጠበቃ ያስፈልገናል አሉ፥ ተሰጣቸው፤ የሠራነው እንደ መንግሥት ነው አሉ፥ ተሰማላቸው፤ መቃወሚያቸው በጽሑፍ ገብቶ በጽሑፍ ተመለሰላቸው። ምስክር ሲሰማ፥ ሰነድ ሲቈጠር፥ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብ ከተከሳሾቹም ከሟች ቤተ ሰቦችም ብዙዎች ፍርዱን ሳያዩ ሞቱ። መዘግየቱ አሳዛኝ ነው። ሆኖም ለፓትርያርኩ አንዲት ቀን እንኳ ያልተሰጠው የመሰማት መብት ለገዳዮቻቸው ዐሥራ ሁለት ዓመት መሰጠቱ የሕግንና የግፍን ልዩነት በግልጥ ያሳያል።

ከዳኞቹ ፊት የቀረበው ዋናው ክርክር የወንጀሉ ስም ነበር። ኢትዮጵያ በ1941 ዓ.ም. የዘር ማጥፋትን የሚከለክለውን የዓለም መንግሥታት ስምምነት ከዅሉ ቀድማ አጽድቃለች። ያ ስምምነት የሚጠብቀው በብሔር፥ በዘር፥ በጎሣና በሃይማኖት የተለዩትን ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን በ281ኛው አንቀጽ ከነዚህ ጋር የፖለቲካ ቡድኖችን ጨመረ። ዐቃቤ ሕግ የከሰሰው በዚህ አንቀጽ ሲሆን፥ ይህ ባይሆን በከባድ የሰው ግድያ በ522ኛው አንቀጽ ይፈረድ ብሎ ነበር። ሕጉን ያወጁት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ የተገደሉት ንጉሥ ለገዳዮቻቸው መዳኛውን ሕግ አስቀድመው ትተው ሄደዋል።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርዱ ተነበበ። የሚበዙት ዳኞች የዘር ማጥፋት ወንጀል ነው አሉ። አንዱ ዳኛ ግን ተለይተው የፖለቲካ ቡድንን የሚጠብቀው ክፍል በኋላ በወጡ ሕጎች ተሽሯልና ጥፋቱ ከባድ የሰው ግድያ ነው ብለው ጻፉ። ሊቃውንተ ሕግ ስለዚህ ልዩነት እስካሁን ይከራከራሉ። በሟቹ በኩል ሲታይ ግን ሁለቱም አሳብ አንድ ነገር ይመሰክራል፤ ሁለቱም ነፍስ ያለ ሕግ ጠፍቷል፥ ያጠፉትም እነዚህ ናቸው ይላሉ። ሃያ ስምንት ዓመት በሹክሹክታ ሲነገር የኖረው በማኅተም ጸና።

ጥር 3 ቀን ኮሎኔል መንግሥቱና ዋነኞቹ ተከሳሾች ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ወደ ሞት ለወጠው። ዚምባብዌ ግን ሊቀ መንበሩን አሳልፋ አልሰጠችም፤ ሞቱን የሚጠብቁት በወኅኒ የነበሩት ሆኑ።

የቀድሞው ሥርዓት ጥያቄ በዚህ ጊዜ ተመልሶ መጣ። በ2003 ዓ.ም. የኦርቶዶክስ፥ የእስልምና፥ የካቶሊክና የወንጌላውያን የሃይማኖት አባቶች በአንድነት ለእስረኞቹ ምሕረትን ለመኑ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ያን ጊዜ አቡነ ጳውሎስ ነበሩ፤ በአቡነ ቴዎፍሎስ እጅ የተሾሙት፥ ስለዚያ ሹመትም ዓመታት የታሰሩት። መስቀል ይዞ የሚለምነው ካህንና ደሙ የፈሰሰበት ልጅ በአንድ ሰው ተገናኙ። በዚያው ዓመት የሃያ ሦስት ሰዎች የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያም ብዙዎቹ ከእስር ወጡ።

ከሟች ቤተ ሰቦች ግን ያዘኑና የተቃወሙ ነበሩ፤ የእኛን ደም ማን ይቅር ይልልናል አሉ። ይህ ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በእንጦጦ ችሎት ካህናቱ ከባለደሙ እግር ይወድቁ ነበር እንጂ በባለደሙ ፋንታ አይምሩም ነበር። ቤተ ክርስቲያን የአባቷን ደም ይቅር ብትል የገዛ ደሟን ይቅር ማለቷ ነው፤ ልጇን በኮተቤ ጉድጓድ ያገኘች እናት ግን ባለደምነቷ የራሷ ነው። እርስዋን መለመን ይገባል እንጂ በስሟ መማር አይቻልም። የተፈቱት ሰዎች ጉዳይ ቢያልቅም፥ የእርስዋ ጉዳይ ገና አልተዘጋም።

ነገር ግን ስለ አንድ ነገር ሥርዓቱ ተጠብቋል። የምሕረቱ ልመና ከፍርዱ በኋላ መጣ። ፓትርያርኩ መቼ እንደ ታሰሩ፥ እንዴት እንደ ሞቱ፥ ወዴት እንደ ተጣሉ አስቀድሞ በዳኛ ፊት ተነግሮ በመዝገብ ተጽፏል። ፍርዱ ሳይነገር ምሕረት ቢለመን ኖሮ ሟቹን ዳግመኛ መቅበር በሆነ ነበር። ዛሬ በጎፋ ገብርኤል በመቃብራቸው አጠገብ የሚያልፍ ሰው እኒህ አባት ምን ሆነው ሞቱ ብሎ ቢጠይቅ፥ ካህኑ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ ይነግረዋል።