ብዕርና መዶሻ በካርቱም

ጥቁር ዓባይ ከአገራችን ደጋ ወርዶ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ከተማ፣ በወንዙ ዳር በቀይ ጡብ የተሠራ ባለ ቅስት በረንዳ ሕንፃ አለ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ እምብርት ነው። እዚህ ላይ የምናነሣው ስለ ውበቱ አይደለም። በየመምህራን ማረፊያ ክፍሉ ዘወትር የሚነሣው ክርክር፣ ማለትም ትምህርት ቤት ለአገር የሚያፈራው ጸሐፊ ይሁን ወይስ የእጅ ባለሙያ የሚለው ጥያቄ፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ስላለው ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጄኔራል ጎርደን በጥር 1885 ካርቱም ላይ በማህዲ ተከታዮች፣ በእኛ አባቶች አጠራር በድርቡሾች፣ እጅ ተገደለ። ከ13 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1898፣ ኪችነር ኦምዱርማን አጠገብ የኸሊፋውን ጦር ደመሰሰ። ወዲያውም ለጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ማሠሪያ የሚሆን 100,000 ፓውንድ እንዲያዋጣ የእንግሊዝን ሕዝብ ጠየቀ። ገንዘቡ በጥቂት ሳምንታት ተሰበሰበ። የመሠረቱ ድንጋይ በጥር 1899 ተቀመጠ፤ ኮሌጁም በ1902 ተመርቆ ተከፈተ። ኮሌጅ መባሉ ግን ሊያሳስተን አይገባም፤ ሲጀምር ያስተምር የነበረው ዝቅተኛውን ደረጃ ትምህርት ነበር።

የመጀመሪያው የትምህርት ዲሬክተር ጄምስ ከሪ ሥራውን የጀመረው ግልጽ ዓላማዎችን አስቀምጦ ነው። አንደኛው ብቃት ያለው የእጅ ባለሙያ መደብ መፍጠር፣ ሌላው ሕዝቡ የመንግሥቱን አሠራር በመጠኑ እንዲረዳ የሚያስችል ትምህርት ማዳረስ፣ ሦስተኛው ደግሞ በዝቅተኛ የአስተዳደር ሥራ ላይ የሚመደቡ ጥቂት የአገሬው ተወላጆችን ማሠልጠን ነበር። በዝርዝሩ ላይ የእጅ ባለሙያው መቅደሙን ልብ ይሏል። በካይሮ ተቀምጦ የበላይ ሆኖ ያዝ የነበረው ሎርድ ክሮመር፣ በሕንድና በግብፅ እንደታየው ሥራ አጥቶ በመንግሥት ላይ የሚያጉረመርም የተማረ ክፍል ሱዳን ውስጥ እንዳይፈጠር ይሠጋ ነበር። መዶሻ የያዘ ሰው ፖለቲካ አይናገርም የሚል ግምት የነበረ ይመስላል። ዊልያም ማዘር የሚባል የማንቸስተር ባለ ፋብሪካም ለኮሌጁ የሥራ ማሠልጠኛ ወርክሾፕ የሚሆን መሣሪያ ሰጠ።

ነገር ግን በወረቀት ላይ የቀደመው በተግባር ኋላ ቀረ። ለምን ቢባል፣ አዲሱ መንግሥት ጸሐፊ፣ ሒሳብ ያዥ፣ አስተርጓሚና መምህር በየቀኑ ይፈልግ ነበር። ለእነዚህም ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝና በሰው ፊት መከበርን ይሰጥ ነበር። እኛ መምህራን ብዙ ጊዜ ተማሪው የእጅ ሥራ ይንቃል እያልን እንወቅሳለን። የካርቱምን ታሪክ የሚያይ ግን ወቀሳው ሌላ ቦታ መዋል እንዳለበት ይገነዘባል። ልጁን ወደ ቢሮ የላከ አባት ሞኝ አልነበረም፤ መንግሥት ራሱ የትኛውን ሙያ እንደሚያከብር በደመወዝ መዝገቡ ላይ አሳይቶታል። ትምህርቱም ያንኑ ተከተለ። ለቢሮ የሚዘጋጅ ልጅ የተሰጠውን በቃሉ ይዞ በትክክል መገልበጥ እንጂ መመራመር አይጠበቅበትም ነበር። በ1931 በዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ምክንያት የአዲስ ተመራቂዎች መነሻ ደመወዝ በተቀነሰ ጊዜ የኮሌጁ ተማሪዎች ማድማታቸው አያስደንቅም፤ የተማሩት ለዚያው ሥራ ነበርና።

የእጅ ሙያው ሥር የሰደደው ከካርቱም በስተ ሰሜን፣ በምድር ባቡሩ ከተማ በአትባራ ነው። እዚያ የባቡር ሞተር የሚፈታ፣ ብረት የሚያቀልጥና የሚበይድ፣ እንጨት የሚያንጽ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዐዋቂው በሥራ ላይ፣ ወጣቱ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሠለጠነ። የሥልጠናው ጥራት በፈተና ወረቀት አልተለካም፤ በዚያ በረሓ የተበላሸ ባቡር እንደገና መሄዱ ወይም መቆሙ በቂ መለኪያ ነበር። እነዚሁ ሠራተኞች በ1946 የሠራተኞች ጉዳይ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበራቸው ዕውቅና እንዲያገኝም በሐምሌ 1947 የሥራ ማቆም አድማ መቱ። በ1948 የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ ወጣ። መዶሻ የያዘው ሰው ተናገረ ማለት ነው።

የመምህሩን ጥራት በተመለከተ ደግሞ ከካርቱም ርቆ በነጭ ዓባይ ዳር፣ በዱዌይም አጠገብ፣ በ1934 የተመሠረተው የባኽት ኧር ሩዳ ማሠልጠኛ ሊነሣ ይገባዋል። መሥራቹ ግሪፊትስ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን፣ አብረውት ከሠሩት ሱዳናውያን አንዱ ዐብደል ራሕማን ዐሊ ጣሃ ናቸው፤ እኚህ ሰው በኋላ የመጀመሪያው ሱዳናዊ የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል። የገጠር መምህር በገጠር ይሠልጥን፣ መጽሐፉም በክፍል ውስጥ እየተሞከረ ይዘጋጅ የሚለው አሠራራቸው፣ መምህሩን መልካም የሥራ መሣሪያ እንደሚያስፈልገው ባለሙያ የቈጠረ ነበር።

የእኛም አገር ጉዞ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1908 ሲከፈት ዋናው ፍላጎት ቋንቋ ዐዋቂ ነበር። የአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1942 ነው። በመካከሉ ካርቱም ራሷ ኢትዮጵያውያንን አስተምራለች፤ በ1940 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያ በነበሩበት ዘመን በከተማይቱ አቅራቢያ በሶባ ስደተኛ ወጣቶች የጦር ትምህርት ተምረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950፣ የካርቱሙ በ1951 መቋቋማቸውም ሁለቱን ጎረቤቶች እኩዮች ያደርጋቸዋል።

የካርቱም ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1950 ተከፈተ፤ በ1975 ፖሊቴክኒክ፣ በ1990 የሱዳን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ስሙ ከፍ እያለ በሄደ ቍጥር መካከለኛውን ባለሙያ ማን ያፈራ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የ1970ው ማሻሻያ የትምህርቱን ደረጃ ከ4-4-4 ወደ 6-3-3 ለውጦ ክፍሎቹን ሲያበዛ፣ በቂ የሠለጠነ መምህር በዚያው ፍጥነት አልተገኘም። በዚያው ዘመን የነዳጅ ዋጋ በመናሩ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰው ይፈልጉ ነበርና፣ የሱዳን መካኒክ፣ ሐኪምና መምህር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ሄደ። እንግዲህ የተሻለ የሠለጠነው ቀድሞ የሚሄድ ከሆነ፣ ተተኪውን በሥራ ላይ የሚያሠለጥነው ጌታ ሠራተኛም አብሮ ጠፋ ማለት ነው፤ ይህ ጉዳት በተማሪ ቍጥር መዝገብ ላይ አይታይም።

በ1980ዎቹ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በካርቱም በየሙያቸው ሠርተው አድረዋል። በሚያዝያ 2023 በከተማይቱ ጦርነት ሲነሣ ትምህርት ቤቶቿና ዩኒቨርሲቲዎቿ ተዘጉ፤ ከነዋሪዎቿም ከፊሉ ወደ ግብፅና ወደ ቻድ፣ ከፊሉ በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገባ።