ሠርግና ለቅሶ በአንድ አንቀጽ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጃችን አንቀጽ 81 ሠርግና ለቅሶን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል። ላገባ 3 የሥራ ቀን፣ እናቱ ለሞተችበትም 3 የሥራ ቀን፤ ሁለቱም ከነደመወዙ። ሙሽራውስ ይሁን፣ የጎደለውን ከዓመት ፈቃዱ ይቆርሳል። ሐዘንተኛውስ?

ይህቺ 3 ቀን ዕድሜ ጠገብ ናት። በአዋጅ ቁጥር 42/1985 ነበረች። አዋጁ በ377/1996 ሲተካ እንዳለች ተሻገረች። በ1156/2011 እንደገና ሲጻፍም የነካት የለም። በዚህኛው ልጅ ለተወለደለት አባት 3 ቀን ተሰጠው፤ ደስ ብሎናል። ለሐዘን ግን በ26 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልተጨመረም። እንዲያውም ከባድ ነገር ለገጠመው ሠራተኛ የሚሰጠው እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ እንዳያልፍ ተገደበ።

ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ኖርን? በእድር ነዋ! ብዙ አጥኚዎች የከተማ እድርን መነሻ ከአዲስ አበባ ማደግና ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጋር ያያይዙታል። ለሥራ ከአገሩ ርቆ የመጣ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ ተሰባሰበ። ቆይቶ የመሥሪያ ቤት እድርም መጣ። ባልደረባ መዋጮ ሰብስቦ፣ መኪና አስፈቅዶ ለቅሶ ይደርሳል። አለቃም አብሮ ይሄዳል። ለቅሶ ቤት ፍራሽ ላይ የተቀመጠ አለቃ ደግሞ በአራተኛው ቀን «ለምን ቀረህ?» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ሕጉ ያልሰጠንን ይሉኝታ ሰጠን ማለት ነው።

ችግሩ ይሉኝታ በጽሑፍ አይገኝም። ደግ አለቃ የገጠመው ሳምንት ያርፋል፤ ያልገጠመው ዓይኑ እንዳበጠ ይገባል። ቤተሰቡ ጎንደር የሆነ የአዲስ አበባ ሠራተኛ በአውቶቡስ ሲሄድ አንድ ቀን፣ ሲመለስ አንድ ቀን ያልቅበታል። ለማልቀሻ አንድ ቀን ተረፈችው! ሕጉ የሚቆጥረው ደግሞ የትዳር ጓደኛን፣ ወላጅና ልጅን፣ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋና የጋብቻ ዘመድን ነው። ያሳደገችን ጎረቤትና አብሮ አደጋችን የሉበትም። እድሩ ግን ቀብር ላይ ስም ጠርቶ የቀረውን ይቀጣል። ከአለቃና ከእድር ዳኛ የቱን እንፍራ?

ሕግ ሊለወጥ እንደሚችል ከእንግሊዝ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2010 የሉሲ ኸርድ ሕፃን ልጅ ጃክ ሞተ። አባቱ ከሥራ ያገኘው 3 ቀን ነበር፤ አንዱ ለቀብር። እናት ለዓመታት ተሟገተች። ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ የሞተበት ሠራተኛ የ2 ሳምንት ፈቃድ አለው። ሕጉንም ሰዉ «የጃክ ሕግ» ይለዋል።

እኛ አዋጅ እስኪሻሻል መጠበቅ የለብንም። አንቀጽ 81 የሚወስነው ትንሹን ነው፤ በኅብረት ስምምነት ወይም በድርጅቱ ደንብ ከዚያ በላይ መስጠት አልተከለከለም። ለሩቅ ተጓዥ ሁለት የመንገድ ቀን፣ ለጓደኛ ቀብር ግማሽ ቀን፣ ለአርባው ፈቃድ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀለል ያለ ሥራ ይጻፍልን። አስለቃሽ ቅጠሩልን አላልንም!