ፈርምዌር፦ «ውስጠ ትእዛዝ» ብንለውስ?

አዳይቱ ላይ፣ ከአዋሽ ወደ ሚሌ በሚወስደው የጅቡቲ መንገድ ዳር፣ አንድ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት አልነሳ ያለውን ዴስክቶፕ አሳየኝ። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው፣ የአምራቹ ዓርማ እንኳ አይመጣም። «ፎርማት አድርግልኝ፣ ወንድሜ» አለኝ። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው የደንበኞቹ ፋይል ሁሉ በቦታው አለ። ፎርማት ባደርገው ኖሮ ያ ሁሉ ይጠፋ ነበር፤ ኮምፒውተሩም አይነሳም ነበር። የተበላሸው ፈርምዌሩ ነበር፤ ባዮሱ እየታደሰ ሳለ መብራት ሄዶበታል።

ፈርምዌር በማዘርቦርዱ ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር ሲከፈት ፕሮሰሰሩ ቀድሞ የሚያነበው እሱን ነው፤ ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱን፣ ዲስኩን ቀስቅሶ ለዊንዶውስ ያስረክባል። «ባዮስ» የምንለው የኮምፒውተሩን ፈርምዌር ነው፤ ሪሲቨርም ፕሪንተርም የየራሳቸው አላቸው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1967 ያስተዋወቀው አሸር ኦፕለር ነው፤ በሃርድዌርና በሶፍትዌር መካከል ላለው ነገር ስም ፈልጎ።

«ፈርም» ጽኑ ማለት ነውና በአማርኛ «ጽኑ ትእዛዝ» እንዳንለው የአለቃ ማስጠንቀቂያ ይመስላል። እኔ «ውስጠ ትእዛዝ» እለዋለሁ፣ «ውስጠ ደንብ» በሚለው አምሳል። እድር ውስጥ መዋጮ በየወሩ ይሰበሰባል፣ አባል ይገባል፣ ይወጣል፤ ውስጠ ደንቡ ግን ጉባኤ ካልተጠራ አይነካም። ውስጠ ትእዛዝም ይቀየራል፣ ግን እንደ ማንኛውም ፋይል በየቀኑ አይነካካም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1999 ሲአይኤች የተባለው ቫይረስ የብዙ ኮምፒውተሮችን ባዮስ ሲደመስስ፣ ማሽኖቹ የአዳይቱው ዴስክቶፕ የገጠመው ዓይነት ጨለማ ነው የገጠማቸው።

አንዳንድ ማሽን ትክክለኛው የባዮስ ፋይል በፍላሽ ተሰክቶለት ራሱን ያድናል። የአዳይቱው ዴስክቶፕ ግን እምቢ አለ። ስለዚህ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቅዬ ቺፗን ፈለግሁ፤ የምስር ክክ የምታክል፣ ባለ ስምንት እግር ናት። ጥግ ላይ ያለችው ነጥብ የመጀመሪያውን እግር ታሳያለች፤ ቺፗን ቆንጥጦ የሚይዘው ክሊፕ ቀይ ሽቦ እዚያ ላይ ካልዋለ ቺፗ ልትቃጠል ትችላለች። ቮልቴጁም መታየት አለበት፤ ለ1.8 ቮልት ቺፕ 3.3 መስጠት ሊገድላት ይችላል። ፕሮግራመር በሚባለው የቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ ይዘቷን ሁለት ጊዜ አነበብኩ፤ ሁለቱ ንባቦች አንድ ካልሆኑ ክሊፑ በደንብ አልያዘም ማለት ነውና። ያነበብኩትን፣ የተበላሸ ቢሆንም፣ አስቀመጥኩት፤ የማሽኑ መለያ ቁጥር እዚያ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ከዚያ ትክክለኛውን የባዮስ ፋይል ጻፍኩ፣ አመሳከርኩ፣ ክሊፑን አነሳሁ።

ስጽፍ ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «የተበላሸው ውስጠ ትእዛዙ ነው» ስለው፣ «ፋይሎቼስ?» አለ።

«እነሱ ዲስኩ ላይ ናቸው። ውስጠ ትእዛዙ ቤቱ ሌላ ነው።»

ከዚያ በኋላ ፎርማት የሚለውን ቃል አላነሳም።