የከባድ ሚዛን ሒሳብ፦ ከገመዱ ዳር ውርርድ እስከ ሪያድ ካዝና

የቦክስ ታሪክ ሲተረክ የሚቆጠረው ቡጢው ነው፤ ማን ማንን በስንተኛው ዙር እንደዘረረ፣ ቀበቶው ከማን ወደ ማን እንደተሻገረ። ይህ ቅኝት ግን ፊቱን ወደ ካዝናው ያዞራል። ትልቅ የከባድ ሚዛን ግጥሚያ ማዘጋጀት ከጥንት እስከ ዛሬ አንድ ያልተፈታ ችግር አለበት፤ የተፋላሚዎቹ ክፍያ በውል የሚታሰረው ከወራት በፊት ሲሆን ገቢው የሚታወቀው ግን ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። በዚህ መሃል ተፋላሚው ሊቆስል፣ ባለሥልጣኑ ሊከለክል፣ ሕዝቡ ሊቀር ይችላል። ስጋቱን ማን ይሸከም ለሚለው ጥያቄ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን መልስ ሰጥቷል፤ ንግዱን ከዘመን ወደ ዘመን ያሸጋገረውም ይኸው መልስ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ የባዶ እጅ ፍልሚያ ሲስፋፋ፣ እነ ጄምስ ፊግና ጃክ ብሮተን በለንደን በከፈቷቸው የትርዒት ቤቶች መግቢያ ያስከፍሉ ነበር። ትልቁ ገንዘብ ግን የሚንቀሳቀሰው በመኳንንቱ ውርርድ ነበር። ሁለቱ ወገኖች እኩል ገንዘብ በመያዣነት ያስቀምጣሉ፤ አሸናፊው ጠቅልሎ ይወስዳል። ስጋቱ በተወራራጆቹ ላይ ነው፤ ተመልካቹ ከሒሳቡ ውጪ ነው ማለት ይቻላል። ሥርዓቱ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባም ብዙ አልተለወጠም። በ1889 ጆን ኤል ሰሊቫንና ጄክ ኪልሬይን በየወገናቸው 10 ሺህ ዶላር አስይዘው ሲፋለሙ ግጥሚያው ሕገ ወጥ ስለነበር ሕዝቡ መድረሻው ባልተነገረለት ልዩ ባቡር ከኒው ኦርሊንስ ተነሣ፤ ማረፊያው ሚሲሲፒ ውስጥ ሪችበርግ የምትባል ስፍራ ሆነች። ሰሊቫን ያሸነፈው በ75ኛው ዙር ነው። እንዲህ ተደብቆ የሚካሄድ ነገር ገበያ ሊሆን አይችልም።

መታጠፊያው ሩቅ አልነበረም። በ1867 ይፋ የሆነው የኩዊንስቤሪ ደንብ ጓንትን ግዴታ፣ ዙሩን የሦስት ደቂቃ አድርጎ ነበር፤ በ1892 ሰሊቫንና ጄምስ ኮርቤት በዚሁ ደንብ መሠረት በኒው ኦርሊንስ ኦሊምፒክ ክለብ፣ በኤሌክትሪክ መብራት ሥር፣ ለ25 ሺህ ዶላር ሽልማት ተጋጠሙ። ሕግ ሲፈቅድ በር ተበጀ፤ በር ሲበጅ ትኬት መጣ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ኔቫዳ ፍልሚያን የሚፈቅድ ሕግ አውጥታ በካርሰን ሲቲ ኮርቤትንና ቦብ ፊትዝሲሞንስን አስተናገደች። እዚያ የተቀረጸው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ የሚወስድ ፊልም ከመግቢያው ትኬት የበለጠ ገንዘብ አስገባ። በቦታው ያልነበረ ሰው ሊከፍል እንደሚችል የታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ነገሩን አጥብቆ ለመያዝ ግን ንግዱ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ፈጀበት።

አሁን ቴክስ ሪካርድ ይመጣል። ከብት ጠባቂ፣ የሕግ አስከባሪ፣ ወርቅ ፈላጊና የቁማር ቤት ባለቤት የነበረው ይህ ሰው፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከእሱ በኋላ ከመጡት ፕሮሞተሮች ሁሉ ይልቃል። በ1906 በኔቫዳዋ የወርቅ ከተማ ጎልድፊልድ ለቀላል ሚዛን ግጥሚያ ያዘጋጀውን 30 ሺህ ዶላር በወርቅ ሳንቲም ደርድሮ በመስኮት አሳየ። ሰዉ ገንዘቡን ለማየት ሲጋፋ፣ ክፍያው ራሱ ማስታወቂያ እንደሚሆን ገባው። በ1910 ጥቁሩን ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰንን ከጡረታ ከተመለሰው ከጂም ጄፍሪስ ጋር ለማጋጠም 101 ሺህ ዶላር አቀረበ። የካሊፎርኒያ ገዢ ግጥሚያውን ከሳን ፍራንሲስኮ ሲያባርረው ወደ ሪኖ ወሰደው፤ ዳኛ ሲጠፋም ራሱ ዳኘ። ጆንሰን አሸነፈ፤ በአሜሪካ ከተሞች ደም ፈሰሰ። በ1912 የአገሪቱ ምክር ቤት የቦክስ ፊልም ከክልል ወደ ክልል እንዳይጓዝ አገደ፤ ከሩቅ ተመልካች የሚገኘው ገቢም እንደተጀመረ ተዘጋ። ዘረኝነት ገበያም አድማቂ፣ ገበያም አፍራሽ ሆኖ የታየበት ወቅት ነው።

ፊልሙ ሲታገድ የቀረው ወንበር ብቻ ነበር፤ ሪካርድም ወንበር አበዛ። በ1921 በጀርሲ ሲቲ ለዚያ አንድ ቀን ብሎ ባሠራው የእንጨት ስታዲየም ጃክ ዴምፕሲንና ፈረንሳዊውን ዦርዥ ካርፓንቲየርን አጋጠመ። ዴምፕሲ ከጦርነት ሸሽቷል ተብሎ የሚታማ፣ ካርፓንቲየር በጦር ሜዳ የተሸለመ ጀግና ነበር፤ ሕዝቡ የገዛው ይህን ተቃርኖ ነው። 80 ሺህ ገደማ ሰው ገብቶ 1 ሚሊዮን 789 ሺህ 238 ዶላር ተሰበሰበ፤ በቦክስ ታሪክ የመጀመሪያው ሚሊዮን ዶላር ነው። የተፋላሚዎቹ ክፍያ ቀድሞ የተቆረጠ፣ ለዴምፕሲ 300 ሺህ፣ ለካርፓንቲየር 200 ሺህ ስለነበር ትርፉ ለአዘጋጁ ቀረ። በ1927 በቺካጎ ዴምፕሲና ጂን ተኒ ለሁለተኛ ጊዜ ሲገናኙ ገቢው ከ2.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። የተኒ ድርሻ 990,445 ዶላር ሲሆን፣ ሰውየው የጎደለውን 9,555 ዶላር ከኪሱ ለሪካርድ ሰጥቶ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ቼክ እንዲጻፍለት ጠየቀ፤ ተጻፈለትም።

የዚህ ስሌት ሌላ ገጽታ የታየው በሞንታናዋ ሸልቢ ነው። ነዳጅ የተገኘባት ይህች ትንሽ ከተማ ስሟን ለማስጠራት ዴምፕሲን ከቶሚ ጊበንስ ጋር በሐምሌ 4 ቀን 1923 ለማጋጠም ወሰነች። የዴምፕሲ ማናጀር ጃክ ከርንስ 300 ሺህ ዶላር በሦስት ክፍያ ጠየቀ። ሁለቱ መቶ ሺህዎች እንደምንም ከባንኮችና ከነጋዴዎች ተለቃቅመው ተከፈሉ፤ ሦስተኛው ጠፋ። ግጥሚያው ቀረ፣ አልቀረም የሚለው ወሬ በጋዜጣ ሲንሸራሸር ልዩ ባቡሮቹ ተሰረዙ። 40 ሺህ ሰው እንዲይዝ በተሠራው ስታዲየም ከፍሎ የገባው 7 ሺህ ገደማ ሰው ነው፤ ብዙው አጥር ጥሶ በነጻ ገባ። ዴምፕሲ በነጥብ አሸነፈ፣ ከርንስ የበሩን ገቢ ሰብስቦ በባቡር ሄደ፣ ጊበንስ 15 ዙር ተደብድቦ ባዶ እጁን ቀረ፣ የአካባቢው ባንኮችም ተከታትለው ተዘጉ። ከተማዋ የገዛችው የሌላ ሰው ስጋት እንደነበር ያወቀችው ካዝናው ከተራገፈ በኋላ ነው።

ባጭሩ፣ እስከ ሪካርድ ዘመን ማብቂያ ድረስ ሒሳቡ በር ላይ ይጀምራል፣ በር ላይ ያልቃል። ሪካርድ በ1929 መጀመሪያ ሞተ፤ በዚያው ዓመት የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት ውድ ወንበሮቹን ባዶ አደረጋቸው። ቀጣዩ አዘጋጅ ማይክ ጄኮብስ በቦክሰኛው በጆ ሉዊስ ትከሻ ገበያውን አነሣው፤ በ1938 ሉዊስ ጀርመናዊውን ማክስ ሽሜሊንግን በያንኪ ስታዲየም በመጀመሪያው ዙር ሲዘርረው ሬዲዮው ዓለምን ሰብስቦ ነበር። በ1946 ሉዊስና ቢሊ ኮን ሲጋጠሙ ቴሌቪዥን ገባ፤ የገመዱ ዳር ወንበር 100 ዶላር ተሸጠ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ዓመታት የሳምንታዊ ቴሌቪዥን ዘመን ናቸው። የምላጭና የቢራ ማስታወቂያ ወጪውን ይሸፍናል፣ ሕዝቡ ቤቱ ተቀምጦ በነጻ ያያል፣ ቦክሰኛ የሚያፈሩት የሰፈር ክለቦች ግን ተመልካች አጥተው ይዘጋሉ። የጄምስ ኖሪስ ኢንተርናሽናል ቦክሲንግ ክለብ አዳራሾቹንም ሻምፒዮኖቹንም ጠቅልሎ ይዞ ቆየ፤ በ1959 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲበተን የተላለፈውን ውሳኔ አጸና።

ለነጻው ቴሌቪዥን የተገኘው ማምለጫ ዝግ ስርጭት ነበር፤ ምስሉ ወደ ቤት ሳይሄድ ወደ ሲኒማ ቤት ይላካል፣ ሰዉ እዚያ ትኬት ይቆርጣል። የ1897ቱ የካርሰን ሲቲ ግኝት፣ አሁን በቀጥታ ስርጭት፣ ተመልሶ መጣ። በ1964 በኋላ መሐመድ አሊ የተባለው ካሲየስ ክሌይ ሶኒ ሊስተንን ማያሚ ቢች ላይ ሲያሸንፍ አዳራሹ ግማሽ ያህል ባዶ ነበር፤ የቦታው አዘጋጅ ሲከስር ስርጭቱ አተረፈ። በ1971 መሐመድ አሊና ጆ ፍሬዚየር በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲገናኙ ልዩነቱ አፍጥጦ ወጣ። ለእያንዳንዳቸው 2.5 ሚሊዮን፣ በድምሩ 5 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለ፤ ጢም ብሎ የሞላው አዳራሽ ያስገባው ግን 1.35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በሙሉ ከሩቅ ተመልካች መሰብሰብ ነበረበት። አዘጋጁ ጄሪ ፔሬንቺዮ የሆሊውድ ወኪል እንጂ የቦክስ ሰው አልነበረም፤ ገንዘቡን የሰጠው ጃክ ኬንት ኩክም የስፖርት ቡድኖች ባለቤት ነበር። ቡጢው የመዝናኛ ኢንዱስትሪ እጅ ገባ።

ቀጣዩ ገንዘብ አቅራቢ መንግሥት ሆነ። ከእስር ከወጣ ሦስት ዓመት የሆነው ዶን ኪንግ አሊንና ጆርጅ ፎርማንን ለየራሳቸው 5 ሚሊዮን ዶላር እንደሚከፍል አስፈረማቸው፤ ገንዘቡ ግን አልነበረውም። ፈላልጎ ያገኘው ከዛየሩ መሪ ከሞቡቱ ሴሴ ሴኮ ነው፤ ሞቡቱ የፈለጉት የዛየር ስም በዓለም እንዲጠራ ነበር። ትርፍ የማይጠብቅ ባለሀብት ከተገኘ አሮጌው ችግር እንደሚጠፋ ኪንግ ተረዳ። ሆኖም አንድ ስጋት በገንዘብ አይፈታም። ለመስከረም የተቀጠረው ግጥሚያ ፎርማን በልምምድ ላይ ዓይኑ አካባቢ ስለተሰነጠቀ ከአንድ ወር በላይ ተራዘመ፤ አብሮት እንዲካሄድ የታሰበው የእነ ጄምስ ብራውንና ሚርያም ማኬባ የሙዚቃ ድግስ ብቻውን ቀደመ። በመጨረሻ በጥቅምት 30 ቀን 1974፣ ኪንሻሳ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደወሉ ተደወለ። ሰዓቱ የተመረጠው ለኪንሻሳ ሕዝብ አይደለም፤ በኒው ዮርክ ገና ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ሲኒማ ቤቱ የሚሞላበት ጊዜ ነበር። በዓመቱ የአሊና የፍሬዚየር ሦስተኛ ግጥሚያ በፊሊፒንሱ መሪ በማርኮስ ዋና ከተማ በማኒላ ተካሄደ፤ ኤችቢኦ የተባለው የኬብል ጣቢያ የሳተላይት ስርጭቱን የጀመረው በእሱ ነው።

በ1980ዎቹ የመንግሥትን ቦታ ካዚኖ ወሰደ። ላስ ቬጋስና አትላንቲክ ሲቲ ለአዘጋጁ የአስተናጋጅነት ክፍያ ይከፍላሉ፤ ትኬቱን ገዝተው ምርጡን ወንበር ለከባድ ቁማርተኞቻቸው ያድላሉ፤ ኪሳራቸውን ሰዎቹ ከግጥሚያው በፊትና በኋላ በሚቀመጡባቸው የቁማር ጠረጴዛዎች ላይ ያካክሳሉ። በ1988 ማይክ ታይሰንና ማይክል ስፒንክስ ሲጋጠሙ ዶናልድ ትራምፕ ለዚህ 11 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ግጥሚያው 91 ሰከንድ ፈጀ። ተመልካቹ ተበሳጨ፤ ካዚኖው ግን ሌሊቱ ገና በመጀመሩ የሚከፋበት ምክንያት አልነበረውም።

ከ1991 ጀምሮ ደግሞ በየቤቱ በክፍያ የሚታይ ስርጭት ሲኒማ ቤቱን ተካ። ከእያንዳንዱ ክፍያ ግማሽ ያህሉ ለኬብል ኩባንያዎች ይሄዳል፤ የቀረውን ጣቢያው፣ አዘጋጁና ተፋላሚዎቹ ይካፈሉታል። በ1997 ታይሰን የኢቫንደር ሆሊፊልድን ጆሮ የነከሰበት ግጥሚያ ለ2 ሚሊዮን ገደማ ቤቶች ተሸጧል፤ ኔቫዳ ታይሰንን የ30 ሚሊዮን ዶላር ክፍያውን አንድ አሥረኛ ቀጥታ ፈቃዱን ነጠቀችው። በ2002 ታይሰን ከሌኖክስ ሉዊስ ጋር ሲሰለፍ አንዱ የሾውታይም፣ ሌላው የኤችቢኦ ሰው ስለነበር ሁለቱ ተቀናቃኝ ጣቢያዎች ተባብረው ማሰራጨት ግድ ሆነባቸው፤ ኔቫዳ ፈቃድ ስትነፍግ ሜምፊስ ተቀበለቻቸው፤ ከስርጭቱ ብቻ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ጣቢያዎች ሻምፒዮኖችን በውል ሲይዙ፣ ሕዝቡ የሚፈልገው ግጥሚያ የሚዘገየው በተፋላሚዎቹ ፍርሃት ሳይሆን በጠበቆች ድርድር ነው። በ2000 የወጣውና በአሊ ስም የሚጠራው የአሜሪካ ሕግ አዘጋጁና ማናጀሩ አንድ ሰው እንዳይሆኑ፣ አዘጋጁም ገቢውን ለተፋላሚው እንዲገልጽ አስገድዷል፤ ይህን ግጭት ግን አልነካውም።

ሉዊስ ጡረታ ሲወጣ ስበቱ ወደ አውሮፓ ዞረ። የክሊችኮ ወንድማማቾች የራሳቸው አዘጋጅ ሆነው በጀርመን የእግር ኳስ ስታዲየሞች ገበያ ገነቡ፤ በ2017 አንቶኒ ጆሹዋና ቭላዲሚር ክሊችኮ የለንደኑን ዌምብሌይ ስታዲየም በ90 ሺህ ሰው ሞሉት። ሪካርድ ቢያየው የሚያውቀው ሥራ ነው። የዚህ ዘመን ሒሳብ በግልጽ የሚነበበው ግን በ2022 የጥር ወር በተከፈተ ፖስታ ውስጥ ነው። ታይሰን ፊዩሪና ዲሊያን ዋይት በድርድር ባለመስማማታቸው የቀበቶው ባለቤት ድርጅት ጨረታ አወጣ፤ አዘጋጁ ፍራንክ ዋረን 41,025,000 ዶላር ጽፎ አሸነፈ። አንድ አሥረኛው ለአሸናፊው ጉርሻ ተቀመጠ፤ ከቀረው 80 በመቶ፣ ማለትም 29.5 ሚሊዮን ዶላር ለፊዩሪ፣ 7.4 ሚሊዮን ገደማ ለዋይት ሆነ። ዋረን ይህን ሁሉ አንድም ትኬት ሳይሸጥ ቃል ገብቷል። ዌምብሌይ በ94 ሺህ ሰው ሞላለት፤ ባይሞላ ግን ሸልቢ ነበር።

ሳዑዲ ዓረቢያ የገባችው በዚህ ክፍተት ነው። በ2019 አንዲ ሩዊዝና ጆሹዋ ለዚሁ በዲርዒያ በተሠራ ጊዜያዊ ስታዲየም ተጋጠሙ፤ ቀጥሎ የሳዑዲው ባለሥልጣን የቱርኪ አል ሼኽ መሥሪያ ቤት ለዓመታት ተጣልተው የቆዩ አዘጋጆችን በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጠ። ፊዩሪና ኦሌክሳንደር ኡሲክ በየካቲት 2024 ሊጋጠሙ ሲሉ ፊዩሪ በልምምድ ላይ ቅንድቡ ተሰነጠቀ፤ ከኪንሻሳ 50 ዓመት ገደማ በኋላ ያው ቁስል፣ ያው መራዘም። በግንቦት ሪያድ ላይ ኡሲክ አሸነፈ፤ አራቱንም ዋና ዋና ቀበቶዎች የያዘ የመጀመሪያው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ሞቡቱ አንድ ሌሊት ገዝተው ነበር፤ ሪያድ የገዛችው የግጥሚያ ዘመኑን ሙሉ ነው። በመስከረም 2024 ጆሹዋና ዳንኤል ዱቧ በዌምብሌይ 96 ሺህ ሰው ፊት ሲጋጠሙም የዝግጅቱ ስም ሪያድ ሲዝን ነበር፤ ገንዘቡ ግጥሚያውን ወደ አገሩ ማምጣት እንኳ አላስፈለገውም።

በዚያው ዓመት ኅዳር የ58 ዓመቱ ታይሰንና ጄክ ፖል ቴክሳስ ውስጥ ሲጋጠሙ ኔትፍሊክስ ለተመዝጋቢዎቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አሳየ፤ በክፍያ የሚታየው ስርጭት ከሁለት አቅጣጫ ተከበበ ማለት ነው። የለንደንና የላስ ቬጋስ አዘጋጆች አሁን የሚያሳስባቸው ዋጋው ነው። በሪያድ ሂሳብ የተከፈለው ቦክሰኛ በሚቀጥለው ውል ያንኑ ይጠይቃል፤ ያን ያህል ደግሞ ከትኬትና ከስርጭት ብቻ አይወጣም።