ወይዘሮ ሚኞን ፎርድ በአዲስ አበባ

በኮልፌ ቀራንዮ ለምንኖር ሁሉ ዘነበ ወርቅ የሰፈር ስም ነው፤ ዛሬ አለርት የሚባለው ሆስፒታልም ቀድሞ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ይጠራ ነበር። በዚችው ልዕልት ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ እንደ ነበረ፣ እርሱንም ያቋቋሙት ከኒው ዮርክ የመጡ ጥቁር ሴት እንደ ሆኑ የሚያውቅ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። ለዚህ የበዓል መጽሔት ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ትግል እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፣ ታሪኩን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከገዛ ከተማችን ልንጀምር ወደድን። ዓመታቱን የጻፍነው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ወይዘሮ ሚኞን ኢኒስ ፎርድ በባርቤዶስ ደሴት ተወልደው በኒው ዮርክ ያደጉ ናቸው። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የነበሩ ብዙ ጥቁሮች መዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ የሚናገረውን ቃል እንደ ተስፋ ይዘውት ይኖሩ ነበር። የማርከስ ጋርቬይ ማኅበር የሙዚቃ መሪ የነበሩት አርኖልድ ፎርድም ኢትዮጵያን የሚያወድሰውን የማኅበሩን መዝሙር ከደረሱት አንዱ ናቸው። እሳቸው በ1930 አዲስ አበባ ገቡ፤ ወይዘሮ ሚኞንም መጥተው ትዳር ይዘው ሁለት ወንዶች ልጆች ወለዱ። ነገር ግን አባትየው በ1935 ጦርነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ዐረፉ።

እጅግ ያስገረመን ከዚህ ወዲያ ያለው ነው። የቀለም ልዩነት ካለበት አገር ወጥተው ወደ ነጻው የጥቁር ሕዝብ አገር የመጡት ሴት፣ ያው ልዩነት አዲስ አበባ ድረስ መጣባቸው። በ1936 ከተማይቱን የያዘው ፋሺስት ነጭና ጥቁር ተለያይተው እንዲኖሩ ፈልጎ የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ አራቀው። መርካቶ የሚለው ስም ከዚያ ዘመን የቀረ የጣልያን ቃል ነው፤ ዕቃ ልንገዛ ስንሄድ ይህን የሚያስብ ማን ነው? በ1937 በወጣው ሕግም ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣልያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሠር ነበር።

ወይዘሮ ሚኞን ይህን ዘመን ሁለት ሕፃናት ይዘው በአዲስ አበባ አሳለፉት። ነጻነት በተመለሰበት በ1941 ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በኋላ የልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም የተሰጠው ይኸው ነው። ወንዶችና ሴቶች ልጆች አብረው የሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ሴት ልጅን ፊደል ማስቈጠር እንኳ ለብዙ ወላጆች ትርፍ ነገር መስሎ በሚታይበት ዘመን ይህ ታላቅ ድፍረት ነው። የአርበኞችን ታሪክ በየዓመቱ እናነባለን፤ የእንዲህ ያለችው መምህርት ታሪክም ከዚያው አጠገብ ቢጻፍ ተገቢ ነው እንላለን።

በዚያው በወረራው ጊዜ በኒው ዮርክ ሌላ ሴት ለኢትዮጵያ ይደክሙ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊቷ ወይዘሮ ዶሮቲ ሃድሊ የዶክተር መላኩ በያን ባለቤት ናቸው፤ ዶክተር መላኩ በ1937 የኢትዮጵያን ዓለም ፌዴሬሽን ሲያቋቁሙ አብረዋቸው ሠርተዋል።

አሜሪካ ውስጥ ግን ልዩነቱ ቈየ። በአላባማ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ ጥቁር ለነጭ መቀመጫ እንዲለቅ ይገደድ ነበር። በመጋቢት 1955 ክሎዴት ኮልቪን አልነሣም ብላ ታሠረች፤ ዕድሜዋ 15 ነበር፣ ከብዙዎቻችን ታንስ ነበር ማለት ነው። በታኅሣሥ 1 ቀን ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ እንዲሁ ታሠሩ። በዚያችው ሌሊት የኮሌጅ መምህርት ጆ አን ሮቢንሰን ሁለት ተማሪዎቻቸውን ይዘው በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ወረቀት ሲያባዙ አደሩ፤ ሕዝቡም አውቶቡሱን ትቶ 381 ቀን በእግሩና በሰው መኪና ተጓዘ። እኛ ከዚህ ሁሉ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ስም ብቻ ሰምተን ነበር። ልዩነቱን በ1956 ያስቀረው ፍርድ የተሰጠው ግን በአራት ሴቶች ክስ ነው፤ ከአራቱ አንዷ ይህችው ክሎዴት ናት።

ከወይዘሮ ሚኞን ልጆች አንዱ ፕሮፌሰር አቢይ ፎርድ፣ ዶክተር መላኩ ሕክምና በተማሩበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዓመት አስተማሩ። ኋላም ወደ ተወለዱበት አገር ተመልሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት መርተዋል።