የቆዩ ብዕሮች ታሪክና አጠባበቃቸው

ከአባት ወይም ከአያት የተወረሰ፥ ቀለም እየተሞላ የሚጻፍበት ብዕር በመሳቢያችሁ ያለ እንደ ኾነ፥ ልትወለውሉት ጨርቅ ከማንሣታችሁ በፊት ከምን እንደ ተሠራ መርምሩ። አርባ ዓመት መጻፍ ያላበላሸውን ዕቃ የአንድ ቀን ትጋት ሊያበላሸው ይችላልና።

ነገሩ የሚዠምረው ከጎማ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋራ በሙቀት አዋሕዶ ለማጽናት በ1844 (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የፈጠራ መብት አገኘ፤ ወንድሙ ኔልሰን ደግሞ በ1851 ድኙን አብዝቶ፥ እንደ ቀንድ የጠነከረውን ኤቦናይት አስመዘገበ። ሉዊስ ዋተርማን በ1884 በኒው ዮርክ ለብዕሩ መብት ባገኘበት ዘመንም የብዕር አካል የሚቀረጸው ከዚሁ ነበር፤ የጊዜው ጥቁር ቀለም ኮምጣጣ ስለ ነበረ ብረትን ሲበላ ኤቦናይትን ግን አይደፍረውም ነበርና።

የኤቦናይት ባላጋራዎች ብርሃንና ውሃ ናቸው። ለብዙ ዘመን ብርሃን ያገኘው እንደ ኾነ ላዩ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃ ጫፉን ብቻ ነክራችሁ፥ ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ ውሃውን ሳቡና አፍስሱ፤ ወዲያውም በለስላሳ ጨርቅ አድርቁት። ቡናማውን በመወልወያ ፍቆ ማስለቀቅ ይቻላል፤ ነገር ግን በመኪና የተቀረጸው ጌጥና የፋብሪካው ስም ዐብሮ ይፋቃል። ታዲያ የብዕሩን ዘመን የሚመሰክር ምን ይቀራል? እኔስ ቡናማውን እመርጣለሁ።

ፓርከር ዱኦፎልድ የተባለውን ቀይ ብዕር በ1921 ሲያወጣ ከኤቦናይት ነበር፤ በ1926 ግን ወደ ሴሉሎይድ ተሻገረ። ስሙ አንድ፥ ጠባዩ ግን ሁለት ነው። በአውራ ጣት አሽታችሁ ብታሸቱት፥ ኤቦናይት ድኝ ድኝ፥ ሴሉሎይድ ካፉር ካፉር ይላል። ሴሉሎይድን አልኮልና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያሟሟዋል፤ እሳትማ ከቶ አታስጠጉት።

እርሳስ እየተገፋ የሚወጣበትን መሣሪያ ሆኪንስና ሞርዳን በ1822 በለንደን አስመዝግበውታል። የብር የኾነውን በወለወላችሁት ቍጥር ከብሩ ጥቂት ይጠፋል፤ የአንጥረኛው ማኅተምም ይደበዝዛል። ወርቅ የተቀባውን ደግሞ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት፤ ሽፋኑ እጅግ ስስ ነው።

በጐኑ ማንሻ ያለው ብዕር፥ ሼፈር በ1908 መብት ያገኘበት ዐይነት፥ በውስጡ የጎማ ከረጢት አለው። ማንሻው አልነሣ ቢል ከረጢቱ ደርቆ ይኾናልና አታስገድዱት፤ ለሚያውቅ ጠጋኝ ስጡት።