ባዶውን የማይመለስ ዕቃ

የዛሬ አራት ዓመት በገና ዕለት ማዶ ላሉት ጎረቤታችን ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ። ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው፤ ሁለቱ ቤቶች እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በዓል በመጣ ቁጥር ይላላካሉ። ሥጋ አይላላኩም፤ ይህ በድሬዳዋ ለማንም የሚነገር ነገር አይደለም። ከእኛ ዳቦና ቆሎ ይሄዳል፣ ከእነሱ በኢድ ሙሸበክና ሐላዋ ይመጣል። የዚያን ቀን ግን ዳቦውን ያስቀመጥኩት ተጠቅመው በሚጥሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ነበር፤ ከላይም በፌስታል ሸፈንኩት። «ሳህን መመለስ አያስቸግራቸው» ብዬ ነው። በማግሥቱ እማማ በራችን ላይ ቆመው እናቴን፣ «ምነው፣ ሳህን አጣሽ? ወይስ ምንም እንዳልመልስልሽ ነው?» አሏት። እየሳቁ ነበር የተናገሩት። እናቴ ግን አልሳቀችም።

ስለ ስጦታ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ዋጋውን ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ እኔ የማስበው ስለ መያዣው ሆነ። የስጦታችን ታሪክ ግማሹ የመያዣው ታሪክ ነው።

በደጋው አገር ክረምቱ ሲወጣ ልጃገረዶች ስንደዶና አክርማ ይለቅማሉ። አንዱ ውስጡ ይሆናል፣ ሌላው ይጠቀለልበታል፤ በወስፌ እየተወጋ ዙሩ ይሰፋል። ሰፌዱ፣ ሙዳዩ፣ መሶቡ፣ ቆዳ የሚለብሰው አገልግል ሁሉ በዚህ መንገድ ይወለዳል። አንድ አገልግል ብዙ ሳምንት የሚፈጅ ሥራ ስለሆነ ማንም ከነምግቡ ሰጥቶት አይቀርም። ለአራስ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ ምግብ ተሞልቶ ይሄዳል፤ ከዚያም ይመለሳል። የሚመለሰው ግን ባዶውን አይደለም። አያቴ የሰው አገልግል ቤቷ ከሰነበተ እንቅልፍ አልነበራትም፤ «ባዶውን ምን ብዬ ልመልሰው?» እያለች ቆሎ የምትቆላለት ነገር ትፈልግ ነበር። ስጦታው በዚህ ምክንያት አያልቅም ነበር። ዕቃው በሁለት ቤቶች መካከል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ሲመላለስ ይኖራል።

ከእኛ በላይ ተራራው ላይ ያለችው ሐረር ደግሞ ስፌትን ወደ ሌላ ደረጃ አድርሳዋለች። በጀጎል ውስጥ ባሉ የሐረሪ ቤቶች ግድግዳው በስፌት የተሸፈነ ነው። ሙሽራ ስፌቷን ይዛ ትገባለች፤ ስሙ ራሱ ከአማት ጋር የተያያዘ የስፌት ዓይነትም አለ። እንግዲህ አስቡት፤ የእናቷን ቤት ለቃ የምትሄድ ልጅ ለአማቷ የምታቀርበው በጣቶቿ ወራት የፈጀችበትን ዕቃ ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም በእንዲህ ያለ መላላክ የተሞላ ነው። እሴይ ዳዊትን ወደ ጦር ሰፈር ሲልከው የተጠበሰ እሸት፣ አሥር እንጀራና ለሻለቃው አሥር አይብ አሸክሞ ነው፤ ሲመለስም ስለ ወንድሞቹ ደህንነት ምልክት ይዞ እንዲመጣ አዞታል። በሰንበት ትምህርት ቤት ሁላችንም ወደ ጎልያድ ለመድረስ ስለምንቸኩል ይህን ክፍል እንዘለዋለን። ግን ያ ጦርነት ለዳዊት የተጀመረው ስንቅ በማድረስ ነው። ሰብአ ሰገል ካቀረቧቸው ሦስት ስጦታዎች መካከልም ሁለቱ፣ ዕጣንና ከርቤ፣ ከእኛ በታች ባለው የሶማሌ ቆላ ከሚበቅሉ ዛፎች የሚለቀሙ ናቸው። በእኛ በወንጌላውያን ቤት ዕጣን ብዙም አይጨስም፤ ቢሆንም ቀፊራ ስትሄዱ ቆም ብላችሁ አሽትቱት።

ታዲያ በዚህ መሐል ድሬዳዋ ምን አደረገች? ከተማችን የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ከባሕር ማዶ የመጣ ብዙ ዕቃ እዚህ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን ከድሬ የሚመለስ መንገደኛ ባዶ እጁን ከገባ ወዮለት። «ከድሬ ምን አመጣህልኝ?» የማይል ዘመድ አልነበረም። በእጅ ከተሠራው ስጦታ ይልቅ ከሩቅ የመጣው የሚከበርበት ልማድ በአገራችን ካደገባቸው በሮች አንዷ ይህች ከተማ ናት። ይህን የምለው ለነቀፋ አይደለም፤ አያቶቻችን የበሉት የዚህን ባቡር እንጀራ ነው።

ባቡሩ ግን ለረጅም ጊዜ ፌስታል አላመጣም። ሰው ቀፊራ የሚወርደው ዘንቢል ይዞ ነበር። ስኳሩ በአሮጌ ደብተር ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ ዘይቱ ከቤት በመጣ ጠርሙስ ይቀዳል፣ ለስላሳ የሚገዛ ባዶውን ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። ፌስታል የተወለደው ስዊድን ውስጥ ነው። ስተን ጉስታፍ ቱሊን የተባለ መሐንዲስ ለሴሎፕላስት ኩባንያ የሠራው ባለ ጆሮ ከረጢት እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1965 የፈጠራ መብት ተመዘገበለት። ልጁ ኋላ እንደተናገረው ቱሊን ይህን ያሰበው ለወረቀት ከረጢት ሲባል ዛፍ እንዳይቆረጥ ነው፤ ራሱም አንዱን ከረጢት አጣጥፎ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ሰውዬው ፌስታልን የፈጠረው እንደ ዘንቢል ሊመላለስበት ነው ማለት ነው። ጥሎ የመሄዱን ነገር የጨመርነው እኛ ተጠቃሚዎቹ ነን።

ፕላስቲክ እንዴት ቤታችን እንደገባ ቋንቋችን ራሱ መዝግቦታል። ከፕላስቲክ የተሠራውን ጆንያ «ማዳበሪያ» የምንለው ማዳበሪያ በውስጡ ስለመጣ ነው። የውኃውን ኮዳ «ሃይላንድ» የምንለው በአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነው። ውስጡ ያለው አለቀና ስሙ ለመያዣው ቀረ። በሌላ በኩል ደግሞ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ፤ ቢጫው ጀሪካን የእናቶቻችንን ጀርባ ከእንስራ ሸክም ያሳረፈ ዕቃ ነው። እንስራ ውብ ነው የሚል ወንድ በመጀመሪያ ውኃ ሞልቶ ይሸከመው። እኔን የሚያሳስበኝ ጀሪካኑ አይደለም፤ ዓመታት ያገለግላል። የሚያሳስበኝ ታይዋን ገበያ የሚደረደረው የፕላስቲክ አበባ፣ የሚያብለጨልጨው መጠቅለያና በሦስት ቀን የሚሰበረው መጫወቻ ነው።

መድረሻውን እናውቀዋለን። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ልጅ ነበርኩ። ጎርፉን ያመጣው ከላይ ከተራራው የወረደው ዝናብ ነው፤ ፌስታል ነው አልልም። ውኃው ከጎደለ በኋላ ግን በወንዙ ዳር እሾሃማ ዛፎች ላይ ከሰው ቁመት በላይ የተንጠለጠለውን ፌስታል አስታውሳለሁ። ውኃው እስከየት ደርሶ እንደነበር ሰው ለእንግዳ የሚያሳየው በእሱ ነበር። ዛሬም ከከዚራ ወደ መጋላ ስትሻገሩ ወደ ደረቁ ወንዝ ብታዩ ለማን እንደተሰጠ የማይታወቅ የስጦታ መጠቅለያ ታገኛላችሁ። ሕጉ ዝም አላለም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ፌስታሎች ላይ ገደብ አስቀምጦ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ የሚውል ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። በሁለቱ መካከል 18 ዓመት አለ። ሕግ ልማድን ብቻውን አይቀይርም።

ስለዚህ ባለፈው ገና በወጣቶች ክፍላችን አንድ ነገር ሞከርን። በየዓመቱ ዕጣ አውጥተን ስጦታ እንለዋወጣለን፤ ሲያልቅም ወለሉን ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ የተቀደደ መጠቅለያ ይሸፍነው ነበር። በዚህ ዓመት ደንቡ፣ ፕላስቲክ አይገባም፤ መያዣው ደግሞ ከቤት የመጣ ሆኖ በሚቀጥለው ወር ወደ ባለቤቱ ይመለሳል የሚል ሆነ። ከተቃወሙኝ አንዱ የተናገረው አሁንም አልወጣልኝም። ስብሰባው ካለቀ በኋላ ለብቻዬ ጠብቆ፣ «ጋሼ፣ የሚያብለጨልጨው ወረቀት እኮ ውስጡ ትንሽ መሆኑን ይሸፍንልኝ ነበር» አለኝ። አላሰብኩትም ነበር። ለካ መጠቅለያው ለአንዳንዱ ልጅ ጌጥ ሳይሆን መሸሸጊያ ነው። ምን ብዬ ልመልስለት? ደንቡን ልሰርዘው ሁሉ አስቤ ነበር። በመጨረሻ ስጦታው በጉባኤ ፊት እንዳይከፈት፣ እያንዳንዱ ቤቱ ሄዶ እንዲከፍተው ተስማማን። ይህን የመከረኝ ራሱ ልጁ ነው።

በሶ በቅል መጣ፣ የተቆላ የሐረር ቡና በሙዳይ መጣ። አንዲት እህት የደረሳት ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው፤ «ለፋሲካ ሹሩባ እሠራሻለሁ» ይላል፤ ተሠርታለችም። አንዱ መዝሙር የገለበጠበትን የራሱን ደብተር ሰጠ። አንዱ ያመጣው ጀበና ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ተሰብሮ ደረሰ፤ ስባሪው ግን ደቻቱ ቢወርድ እንኳ ተመልሶ አፈር ይሆናል ብለን ሳቅን።

ያኔ እናቴ በዚያው ምሽት ቆሎ ሞልታ በብርጭቆ ሳህን እንደገና ልካኝ ነበር። እማማ ተቀብለውኝ ምንም አላሉም። ሳህኑ በኢድ ሙሸበክ ይዞ ተመለሰ፤ ከዚያም እንደገና ሄደ፤ አሁን ማዶ ነው ያለው። የወጣቶቹ መያዣዎች በአንድ ወር ተመልሰው ማለቅ ነበረባቸው። እስካሁን ሁለት አገልግሎች ቀርተዋል፤ አንደኛው የአያቴ ነው። የወሰደው ልጅ ይህን መጽሔት እንደሚያነብ አውቃለሁ።